«ፋይሉ የለም» ሲሉኝ ምን ልበል?

በዚህ ወር የመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ያጠነጥናሉ። መሥሪያ ቤት ሄዶ ሰነድ መጠየቅና ባዶ እጅ መመለስ። የቆያችሁ አንባቢዎች እንደምታውቁት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት መዝገብ ቤት ነው። ስለዚህ የመስኮቱን ውስጡንም ውጭውንም አውቀዋለሁ። ሦስት ጥያቄዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ? የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ኮብልስቶን እንዲነጠፍ የሰፈሩ ሰው ገንዘብ አዋጣ። እኔ ገንዘብ ያዥ ስለነበርኩ የደረሰኞቹ ቀሪ ሁሉ እጄ ላይ ነው። ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ስንት ሜትር እንደተነጠፈና ለሠሪዎቹ ስንት እንደተከፈለ ለማወቅ ቢሮ ሄድኩ። «የውስጥ ሰነድ ነው፤ ለምን ፈለጉት?» አሉኝ። ጡረተኛ ነኝ፤ ጋዜጠኛ አይደለሁም። የመጠየቅ መብት አለኝ? ጎረቤቶቼ ገንዘቡን የሚጠይቁት እኔን ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ መብት አለዎት። ጋዜጠኛ አለመሆንዎ ምንም አይቀንስብዎትም።

ሕጉ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ይባላል። ቁጥሩ 590/2000 ነው። ስሙን ልብ ይበሉልኝ። መገናኛ ብዙኃን ከፊት ነው፤ መረጃ ከኋላ። አዋጁ ሲወጣ ሰዉ ያወራው ስለ ጋዜጣና ስለ ጋዜጠኛ ነበር። የመረጃው ክፍል ሳይወራለት አለፈ። እስከ ዛሬም ብዙ ሰው የጋዜጠኞች ሕግ ይመስለዋል። እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። በ2013 አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ወጣ፤ ቁጥር 1238። የጋዜጠኞቹን ጉዳይ እሱ ወሰደው። መረጃ የማግኘት መብቱ ግን እዚያው 590 ውስጥ ነው ያለው። መብቱን የሰጠውም «ማንኛውም ሰው» ለሚባለው ነው። እርስዎ ማንኛውም ሰው ነዎት። እንጀራ የምትጋግረው ጎረቤትዎም ማንኛውም ሰው ነች።

ሥሩ ሕገ መንግሥቱ ላይ ነው። አንቀጽ 29 ሐሳብን ስለመግለጽ ሲናገር መረጃ የመፈለግና የመቀበል ነፃነትንም አብሮ ይዟል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። «የውስጥ ሰነድ» የሚባለውን ነገር ከዚህ አንጻር ይዩት። ሕጉ የሚከለክላቸው ሰነዶች አሉ። የአገር መከላከያና ደኅንነት አለ፤ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀል አለ፤ የሌላ ሰው የግል ጉዳይና የንግድ ምስጢር አለ። ለመንገድ ድንጋይ የተከፈለ ገንዘብ ከእነዚህ ውስጥ የት ይገባል? እንዲነግሩዎት ይጠይቋቸው። ከከለከሉም በየትኛው አንቀጽ እንደከለከሉ በጽሑፍ ይስጡዎት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከልምዴ የምነግርዎት ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ሰነድ ይጠይቁ፤ ማብራሪያ አይጠይቁ። «ገንዘባችን የት ገባ?» ካሉ «በሥራ ላይ ነው» ይሉዎታል። ያ መልስ ለእነሱ መልስ ነው። እርስዎ ግን እንደገቡ ይወጣሉ። የወረቀቱን ስም ከጠሩት ግን ያንን ወረቀት ይሰጣሉ ወይ ይከለክላሉ፤ ሌላ ማምለጫ የለም። ለእርስዎ ቢሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የሚከተሉት ሰነዶች ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በሰፈራችን ለሚነጠፈው ኮብልስቶን የተፈረመው ውል። ሁለተኛ፣ እስከ ዛሬ የተፈጸሙ ክፍያዎች ሰነድ። ሦስተኛ፣ የተነጠፈው መንገድ የልኬት ወረቀት። አራተኛ፣ ርክክብ ተደርጎ ከሆነ የርክክቡ ቃለ ጉባኤ።»

በቃ። ከዚያ ስም፣ ስልክ፣ ቀንና ፊርማ። «ለምን ፈለጉት» ለሚለው መልስ አይጻፉ። ምክንያት ከጻፉ ክርክሩ ስለ ምክንያትዎ ይሆናል። ስለ ኃላፊዎቹም ክፉ ቃል አይጨምሩ። ተናደው ቢሆን እንኳ ንዴቱን ቤት አስቀምጠው ይሂዱ። አቤቱታ ከሆነ ደብዳቤው ወደ ሌላ ክፍል ይመራና እዚያው ይቀራል።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱን ይሰጣሉ። በሁለተኛው ላይ «ገቢ» የሚለው ማኅተም ይመታ፤ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት። ይቺን ነገር በፍጹም አይዝለሉ። መዝገብ ቤት ውስጥ ገቢ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልመጣ ነው የሚቆጠረው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? እኛ ቢሮ ደግሞ በመጽሐፍ ያለውም ቁጥር ከሌለው ይረሳ ነበር። ቀኑ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ሕጉ መልስ እንዲሰጡ 30 ቀን ነው የሰጣቸው። ሠላሳው የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው።

ደብዳቤው የሚገባውም ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። አሁን አሁን ኮሙኒኬሽን ይሉታል። ሒሳብ ክፍል ሄደው ከልጆቹ ጋር አይጨቃጨቁ። እነሱ የመስጠት ሥልጣን የላቸውም፤ እርስዎም ይደክማሉ።

ከተከለከሉ፣ ወይም 30 ቀኑ አልፎ ዝም ካሉ፣ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይግባኝ ይጻፉ። ይሄንንም በሁለት ቅጂ። እዚያም ካልሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ይህን ሕግ እንዲያስፈጽም ኃላፊነት የተሰጠው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ተስፋ እንዳይቆርጡ ብዬ ነው። ሕንድ አገር ራጃስታን በሚባል ክልል የመንደር ሰዎች መንገድና ግድብ እየቆፈሩ የቀን አበል ይከፈላቸው ነበር። ገንዘቡ ይጎድላል፤ ሲጠይቁ የሚያሳያቸው የለም። በእ.ኤ.አ. 1994 የሠራተኛ መቆጣጠሪያ መዝገቡን ቅጂ እንደምንም አገኙና ሜዳ ላይ ሰው ሰብስበው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ስም ሲጠራ መንደርተኛው ይሰማል። እዚያ ሥራ ላይ እግሩን ያልረገጠ ሰው ስም ተጠራ። የሞተ ሰው ስም ተጠራ። እንግዲህ ለሞተ ሰው አበል የፈረመው ማነው? በእ.ኤ.አ. 1996 ቢያዋር በምትባል ከተማ 40 ቀን መንገድ ላይ ተቀመጡ። መፈክራቸው «ገንዘቡ የኛ፣ ሒሳቡም የኛ» የሚል ነበር። ራጃስታን በእ.ኤ.አ. 2000 መረጃ የማግኘት መብት ሕግ አወጣች፤ አገሪቱ በሙሉ በ2005። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ገበሬዎች ነበሩ። እርስዎ ደግሞ የደረሰኝ ቀሪ በእጅዎ አለ። ከእነሱ ይሻላሉ።

የኛም ሕግ ማንበብ የማይችለውን አልረሳም። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ይጠይቃል፤ ኃላፊው ይጽፍለታል። ለጎረቤቶችዎ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነው ያደግኩት። አሁን ሰፈር ቀይረናል። አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ተወዳድሬ ፈተና ተፈተንኩ። «አላለፍሽም» ብቻ ተባልኩ። ውጤቴን ማየት እችላለሁ? ያለፉትንስ?

መልስ፦ የራስሽን ውጤት ጠይቂ፤ ስለ ራስሽ ያለ መረጃ ነው። የፈተና ወረቀትሽን፣ ቃለ መጠይቅ ከነበረም የሰጡሽን ነጥብ በዝርዝር ጠይቂ። ያለፉት ሰዎች ላይ ጠንቀቅ በይ። የእነሱ ውጤት የሌላ ሰው የግል ጉዳይ ነው ሊባል ይችላል። «ስማቸውን ሸፍናችሁ ነጥቡን ብቻ ስጡኝ» ብለሽ ጻፊ። የማለፊያ ነጥቡና የአመዛዘን መስፈርቱ ግን የማንም የግል ጉዳይ አይደለም። እሱን በግልጽ ጠይቂ። በርቺልኝ።

ጥያቄ፦ እኔ እርስዎ በሠሩበት ሥራ ላይ ነኝ። ለገሃር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰዎች መጥተው ፋይል ሲጠይቁኝ ብሰጥ ከአለቃዬ ጋር እጣላለሁ። ባልሰጥ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። «ፋይሉ የለም በይ» ተብዬም አውቃለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አንድ ነገር ልንገርሽ። 590 ከመውጣቱ በፊት ነው። አንድ አባት ጡረታቸውን ለማስከበር የአገልግሎት ዘመናቸው የተጻፈበትን ማስረጃ ፈልገው እኛ ጋ ይመላለሱ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳሉ። ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፤ ቆባቸውን አውልቀው በመስኮቱ ጎንበስ ይላሉ። «ልጄ፣ ዛሬስ?» ይሉኛል። እኔ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እላለሁ። ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። እኩለ ቀን ላይ ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አውጥተው ይበላሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ይሄዳሉ።

ፋይላቸው ከጀርባዬ ነበር። ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ቡናማ ሽፋን፣ ጠርዙ የተበላ። ዞር ብል በእጄ እነካዋለሁ። ያለ ደብዳቤ እንዳትሰጪ ተብያለሁ። ደብዳቤውን የሚጽፍላቸው ሰው ደግሞ አልነበረም። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። ከዚያ መምጣት አቆሙ። ምን እንደሆኑ አላወቅኩም። ጡረታቸውን ያገኙ እንደሆነም አላወቅኩም። ዛሬም ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሳይ ሆዴ ይባባል።

አዋጁ በ2000 ሲወጣ መዝገብ ቤት ድረስ መጥቶ የነገረን የለም። እኔ የሰማሁት ከሰው ነው። አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሄጄ ነጋሪት ጋዜጣውን ገዛሁ። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳነብ መጀመሪያ የመጡብኝ እኚያ አባት ናቸው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ፋይሉን ከመደርደሪያ አውጥተሽ በራስሽ ሥልጣን አትስጪ። ሥልጣኑ የአንቺ አይደለም፤ ውስጡም የሌላ ሰው ምስጢር ሊኖር ይችላል። እንጀራሽንም አታሳጪ። ነገር ግን ያለን ነገር የለም አትበይ። እዚች ላይ ጽኚ። «የለም በይ» ካሉሽ «እርስዎ በጽሑፍ ይምሩልኝ፤ እኔ የምጽፈው መዝገቡ ላይ ያለውን ነው» በይ። በትሕትና ነው የምትይው፤ ድምፅሽን ከፍ ሳታደርጊ። ከልምዴ የምነግርሽ፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥ ሰው ብዙ አላየሁም።

ሰው ሲመጣ ወደ ትክክለኛው በር ላኪው። «ጥያቄዎን በደብዳቤ ያድርጉ፤ ለኮሙኒኬሽን ክፍል ያስገቡ፤ ገቢ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ» በይው። የፋይሉን ቁጥር ካወቅሽው እሱን ደብዳቤው ላይ እንዲጽፍ ንገሪው። ይሄ ብቻ የስንት ሰው ወራት ያተርፋል። ቁጥር የተጠቀሰበትን ፋይል «አልተገኘም» ማለት ለማንም ከባድ ነው።

የራስሽንም ቤት አስተካክይ። አውጪና መላሽ መዝገብ አለሽ? ከሌለሽ ነገ አንድ ወፍራም ደብተር ግዢና አስምሪ። የፋይል ቁጥር፣ ማን ወሰደው፣ መቼ ወሰደው፣ መቼ መለሰው፣ ፊርማ። ብዙ ጊዜ «ጠፋ» የሚባለው ፋይል አልጠፋም። የሆነ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ማን እንደወሰደው ያልተጻፈ ብቻ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ደብተር ስጀምር በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ «የጠፉ» ፋይሎች ተመለሱ። አንዱ የመስኮት መዝጊያው እንዳይንኳኳ ታጥፎ ሥሩ ተሸጉጦ ነበር።

የኮሙኒኬሽን ክፍሉን ሠራተኛ ስምና የቢሮ ቁጥርም በትልቅ ጽሕፈት ጽፈሽ መስኮትሽ ላይ ለጥፊው። ጽሕፈቱ ለሽማግሌ ዓይን የሚነበብ ይሁን። ከመስኮቱ ውጭ የሚያስቀምጥ ቦታ ካለ አንድ ወንበርም አውጪላቸው።