መልስ፦ ሐረማያ ሐይቅን ምን አደረቀው?

ወንድሜ፣ «ሐረማያ የደረቀው በአየር ንብረት ለውጥ ነው ወይስ በሰው እጅ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ በሁለቱም ነው። የእጃችን ድርሻ ግን ቀላል አይደለም።

ሙቀት ሲጨምር ትነቱም ይጨምራል። ሐረማያ ደግሞ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ከዙሪያው ኮረብታ እየታጠበ የሚገባው ደለል ሞላው። በዚያ ላይ የሐረር ከተማ ቧንቧም፣ የጫትና የአትክልት ማሳው ፓምፕም ከእሱ ይስቡ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ጭልጥ ብሎ ደረቀ። ታንኳ ይቀዘፍበት የነበረው ቦታ ከብት ተሰማራበት።

የውሃ ችግሩን ሐረር የኖረ ሰው ያውቀዋል። ውሃ በመጣች ሌሊት ቤተሰቡ በሙሉ ይነሳል። ቢጫው ጀሪካን፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሳይቀር ይሞላል። ከሐይቁ መድረቅ በኋላ ከተማዋ ውሃ የምታገኘው ከድሬዳዋ በኩል፣ ከቆላው ሽቅብ እየተገፋ ነው። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል፤ ሐረማያ እኮ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው!

ደግነቱ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። አሁን ትልቁ ሥራ ኮረብታው ላይ ነው፤ እርከን መሥራት፣ ዛፍ መትከል፣ ፓምፑንም በልክ ማድረግ።