«አስረን ጠበል እናስገባው» አሉኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። ወንድ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። የእህቱን ሻሽ እየጠመጠመ «እኔ ሴት ነኝ» ማለት ከጀመረ ቆየ። መምህሩ ተማሪ ፊት አቁሞ ገርፎታል። አጎቱ «አስረን ጠበል እናስገባው» ይላል። ጎረቤት ደግሞ ልጁ ይከሰሳል ብሎ ያስፈራራኛል። ሐኪም ዘንድ ብወስደው አስገድደው ያስቀሩብኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ ይረጋጉ። ልጅዎን ማንም ሊከሰው አይችልም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 52 መሠረት 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ጎረቤትዎ የሰሙት አንቀጽ 629ን ይመስለኛል። እሱ የሚቀጣው በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የተፈጸመን ወሲባዊ ድርጊት ነው። ሻሽ መጠምጠምም ሆነ «ሴት ነኝ» ማለት እዚያ ውስጥ የለም።

ይልቅ ሕጉን መፍራት ያለባቸው ትልልቆቹ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት በአካሉ እንዳይቀጣ ይከለክላል። ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቀኑን፣ የሆነውን፣ ያዩትን ሰንበር ሁሉ ይግለጹ። ቅጂውን እጅዎ ላይ ያስቀሩ። ካልሰሙዎት ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።

ወደ አጎቱ ልምጣ። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲጨንቀው ጠበሉን፣ ዱዓውን ይላል። ይህን አልነቅፍም። ማሰሩ ግን ሌላ ነገር ነው። የወንጀል ሕጉ ወላጅ ለማረም በልኩ የሚወስደውን እርምጃ አይቀጣም፤ ገመድና ድብደባ ግን ልክ የላቸውም። አንቀጽ 576 ሕፃን ልጅን ማንገላታትን፣ አንቀጽ 585 ደግሞ ሰውን ያለ ሕግ መያዝን ይቀጣሉ። ይህን ለአጎቱ ቁጭ አድርገው ይንገሩት፤ ሽማግሌም ያስገቡ።

ሕክምናውን አይፍሩ። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (ቀድሞ ደሴ ሪፈራል የሚባለው) የሥነ አእምሮ ክፍሉን ይጠይቁ። ሐኪሙ ልጁ ይተኛል ወይ፣ ይበላል ወይ፣ ፈርቷል ወይ፣ መኖር ጠልቷል ወይ ብሎ ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ከተወለዱበት ፆታ ሌላ ነኝ የማለትን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመም ምዕራፍ አውጥቶታል። አለባበስና ጨዋታ ብቻውን ለምርመራ ውጤት እንደማይበቃም ጽፏል። በዚህ ዕድሜ የሚሰጥ ሆርሞንም ሆነ ቀዶ ሕክምና የለም። ሻሹን ለማስጣል የሚሰጥ መርፌም የለም፤ አለኝ የሚል ካለ አይመኑት።

ልጁ አካለ መጠን ስላልደረሰ ለሕክምናው የሚፈቅዱት እርስዎ ነዎት። አዲስ አበባ ሪፈር ቢጻፍለትም ምክንያቱን የማወቅ መብት አለዎት፤ ሳይገባዎ አይፈርሙ። የሐኪሙን ክፍል ዘግተው ያወሩት ደግሞ ሰፈር አይደርስም። የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስቀጣል። ለትምህርት ቤቱም የልጁን ምርመራ የመናገር ግዴታ የለብዎትም።

አጎቱ ልጁን በጉልበት ከወሰደው እስኪነጋ አይጠብቁ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ያመልክቱ፤ በነጋታውም የወረዳውን ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ።