ጃፓንኛን ያለ አስተማሪ ለምትማሩ፦ የት ፈጠን፣ የት ቀስ ልበል?

ውጭ አገር ሆናችሁ ከሥራ በምትተርፍ ሰዓት ጃፓንኛ ለጀመራችሁ ወገኖች አንድ ምክር አለኝ። ብዙዎቹ የጀማሪ መጻሕፍት ማብራሪያቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚጠነቀቁት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሚሰናከልበት ነው። እኛ የምንሰናከለው ሌላ ቦታ ነው።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። የ«ሚና ኖ ኒሆንጎ» ዋና መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ በጃፓንኛ ነው፤ የሰዋስው ማብራሪያው ለብቻው የሚሸጥ ሌላ መጽሐፍ ነው። «ጌንኪ» ማብራሪያውን እዚያው ይዟል፣ መልሶቹ ግን ለብቻ ይሸጣሉ። አስተማሪ የሌለው ሰው መልስ ሳይኖረው ከሠራ ስህተቱን ነው የሚሸመድደው።

ከሁለቱ የጃፓንኛ የፊደል ገበታዎች መጀመሪያ ሂራጋና፣ ቀጥሎ ካታካና፤ መሠረታዊዎቹ ፊደላት 46፣ 46 ናቸው። የካታካና «ሺ» እና «ትሱ» መንታ ይመስላሉ፤ «ሺ» ላይ ረጅሙ ጭረት ከታች ወደ ላይ ይሳባል፣ «ትሱ» ላይ ከላይ ወደ ታች። በእጅ ያልጻፋቸው ሰው ሁሌም ያምታታቸዋል።

ቃላትን በኛ ፊደል አትያዙ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ የነሱ ይለያል። «ኪቴ» ሲላላ «መጥቶ»፣ ሲጠብቅ «ቴምብር» ነው፤ ለሚጠብቀው ትንሿ «ትሱ» መሐል ትገባለች። ማጥበቁ ለአፋችን አዲስ አይደለም። የሚያስቸግረን የአናባቢ ርዝመት ነው፦ «ኦባሳን» አክስት፣ «ኦባአሳን» ሴት አያት። በጣታችሁ እየመታችሁ በሉት፤ የመጀመሪያው አራት ምት ነው (ኦ፣ ባ፣ ሳ፣ ን)፣ ሁለተኛው አምስት። ከመጽሐፉ ድምፅ ጋር እየቀዳችሁ አስተያዩ።

ሰዋስው ላይ እንግሊዝኛውን ዝለሉና ምሳሌውን በቀጥታ ወደ አማርኛ መልሱት። «ኪኖ ካታ ሆን» (ካታ ይጠብቃል፣ የኪኖ «ኖ» ይረዝማል) «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ነው፤ የቃላቱ ተራ ያው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚቸገርበትን ይህን ትምህርት በአንድ ምሽት ትጨርሱታላችሁ።

ጊዜ ስጡት የምለው የ«ቴ» ቅርጽን ነው፤ ግሥ በ«ቴ» ወይም በ«ዴ» የሚያልቅበትን ማለቴ ነው። «ታቤቴ ኢኪማስ» ማለት «በልቼ እሄዳለሁ» ነው፤ እንዲያውም በልቼ፣ በልተህ፣ በልቶ እያለ በሰው አይለዋወጥም። ወጥመዱ ረዳት ግሡ «ኢማስ» ሲከተለው ነው። «ኬኮን ሺቴ ኢማስ» («ኮ» ይጠብቃል) ልክ እንደኛ «አግብቷል» ይሆናል። በዚያው ሒሳብ «ታቤቴ ኢማስ»ን «በልቷል» ብትሉት ግን ተሳሳታችሁ፤ «እየበላ ነው» ነው። ግሡ እንደ መብላት ጊዜ የሚወስድ ድርጊት ከሆነ «እየ...» ይሆናል፤ እንደ መሞት በቅጽበት የሚፈጸም ለውጥ ከሆነ ውጤቱን ይናገራል፦ «ሺንዴ ኢማስ»፣ «ሞቷል»። ስለዚህ አዲስ ግሥ ስትጽፉ ከነ«ቴ»ው ጻፉት፦ ካኩ ካይቴ፣ ኖሙ ኖንዴ፣ ኦዮጉ ኦዮይዴ፣ ሃናሱ ሃናሺቴ። «ኢኩ» አፈንጋጭ ነው፤ «ኢይቴ» ሳይሆን «ኢቴ» ይላል፣ ጠብቆ።

ለአንድ ምዕራፍ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ምልልሱን መጀመሪያ መጽሐፉን ዘግታችሁ ስሙ፤ ካነበባችሁት በኋላ ጆሮ ሳይሆን ዓይን ነው የሚሠራው። መልመጃውን በጽሑፍ ሥሩ፣ አርሙ፣ የሳታችሁትን ብቻ ከሦስት ቀን በኋላ መልሳችሁ ሥሩ። አዲስ ቃል በቀን ከአሥር አይብለጥ፤ ክለሳው ሲከመር ነው ብዙ ሰው የሚተወው።

ፈተና ካሰባችሁ፣ የጃፓንኛ ብቃት መመዘኛው የመጀመሪያ ደረጃ ኤን 5 ነው። መናገርም ድርሰት መጻፍም አይፈትንም፤ ማለፋችሁን አይታችሁ አፋችሁ ተፈቷል እንዳትሉ።