400 ሰው መጣልን፣ ግን ተሳካ ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እኛ የስነ ፈለክ ክበብ አባላት ነን፣ በቅርቡ ለማንም ክፍት የሆነ የሰማይ ማያ ምሽት አዘጋጅተን ነበር። 3 ቴሌስኮፕ ነበረን፣ 2 ሰዓት ቆየን፣ በር ላይ ስንቆጥር ወደ 400 ሰው ገብቷል። ጨረቃዋ ደምቃ እንድትታይ ብለን ሙሉ የምትሆንበትን ማታ ነው የመረጥነው። ሰዉም ደስ ብሎት ሄደ፣ ፎቶውም ብዙ ነው። አሁን ስፖንሰራችን ተሳክቷል ወይ፣ ሪፖርት ስጡኝ ሲለን ግን ከሰው ብዛትና ከፎቶ ውጪ የምንጽፈው አጣን። እንዲህ አይነት ነገር በምንድነው የሚለካው?

መልስ፦ መጀመሪያ እጃችሁ ይባረክ፣ ያን ሁሉ ሰው በማታ ከቤቱ አውጥቶ ሰማይ ማሳየት ቀላል ስራ አይደለም። ግን በር ላይ የቆጠራችሁት ቁጥር ማስታወቂያችሁ መስራቱን ነው የሚናገረው፣ ሰውየው ከገባ በኋላ ምን እንዳየ አያውቅም።

እስቲ እናስላው። 3 ቴሌስኮፕ በ2 ሰዓት ማለት 360 ደቂቃ ነው፣ ለ400 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 54 ሰከንድ ይደርሰዋል፣ እሱም ሁሉም አንዴ ብቻ አይቶ ከሄደ ነው። በዛች 54 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ጎንበስ ማለት አለ፣ ልጅ ማንሳት አለ፣ "ምንም አይታየኝም" አለ፣ መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ጨረቃዋ ከመስታወቱ እየሸሸች እንደገና ማስተካከል አለ። ስለዚህ ብዙው ሰው ያየው ለ20 ሰከንድ ቢሆን ነው፣ ሳያይ ሰልፍ ሰልችቶት የሄደም መኖሩ አይቀርም። ለሚቀጥለው በር ላይ የሚቆጥረውን ልጅ ወደ ቴሌስኮፑ አምጡት፣ ስንት ሰው አየ፣ ስንቱ ሰልፍ ጥሎ ሄደ፣ ስንቱ ደግሞ ሊያይ ተመልሶ ተሰለፈ የሚለውን ይመዝግብ። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ተመልሶ የተሰለፈው ነው፣ ያ ሰው ተነክቷል።

ስለ ጨረቃዋ ግን ሳልናገር አላልፍም፣ ሙሉ ጨረቃ ለቴሌስኮፕ ደካማዋ ማታ ነች። ፀሀይ ፊት ለፊት ስለምታበራባት ጥላ የለም፣ ጉድጓዶቹና ተራሮቹ ጠፍጣፋ ይሆናሉ፣ ብርሃኗ ደግሞ ደብዛዛ ኮከቦችን ይውጣቸዋል። አዲስ ጨረቃ ከሆነች ከ7 ቀን ገደማ በኋላ ግማሽ ስትሆን ቴሌስኮፑን ብታወጡ ብርሃንና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ጥላው ረዝሞ ጉድጓዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ያኔ ሰው "ደማቅ ናት" ብሎ ሳይሆን "እንዴ፣ ጉድጓድ ነው እኮ!" ብሎ ነው ቀና የሚለው። ይሄም ራሱ መለኪያ ነው፣ ሰው ከቴሌስኮፑ ቀና ሲል የሚላትን የመጀመሪያ ቃል አንድ ሰው ቆሞ ይጻፍላችሁ።

ተማሩ ወይ የሚለውን ለማወቅ ረጅም ቅጽ አታስሞሉ፣ በጨለማ ማንም አይሞላውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ፣ ለምሳሌ የጨረቃ ቅርጽ ለምን ይቀያየራል? ብዙ ትልልቅ ሰው ሳይቀር የመሬት ጥላ ነው ይላል፣ እውነቱ ግን የጨረቃ ግማሽ ጎን ሁሌም በፀሀይ የበራ ነው፣ ዙሪያችንን ስትዞር ከበራው ጎን የሚታየን መጠን ነው የሚለያየው፣ ይሄም በ29 ቀን ተኩል አካባቢ አንዴ ይመላለሳል፣ የመሬት ጥላ የሚያርፍባት በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። መግቢያው ላይ ሁለት ካርቶን፣ መውጫው ላይም ሁለት ካርቶን አስቀምጡ፣ አንዱ "ጥላ ነው" አንዱ "አይደለም"፣ ሰው ወረቀት ጣል አድርጎ ይለፍ። የመውጫው ውጤት ከመግቢያው ካልተለየ ጥፋቱ የጎብኚው ሳይሆን የማስረዳታችን ነው፣ አስረጂዎቻችሁን ሰብስባችሁ ተነጋገሩ።

ላለፈው ምሽት ግን ካርቶን የለም አይደል፣ ቢሆንም አልረፈደም። ሳይረሱት ዛሬውኑ እያንዳንዱ አስረጂ ለብቻው ሆኖ ከሰው የሰማቸውን 3 ጥያቄዎች ይጻፍ። "ይሄ ስንት ያጎላል" የሚልና "ታዲያ የፕላኔቷ ሳተርን ቀለበት ለምን አይወድቅም" የሚል ጥያቄ እኩል አይደሉም፣ ሁለተኛውን የጠየቀ ሰው ማሰብ ጀምሯል። ስልኩን ፈቅዶ የሰጣችሁ ሰው ካለ ደግሞ ከወር በኋላ ደውሉና "ከዛ ማታ ወዲህ ሰማይ አይተህ ታውቃለህ?" በሉት። እውነት ለመናገር ለኔ ትልቁ ስኬት እሱ ነው፣ እኛ ሳንኖር ብቻውን ቀና ያለ ሰው።

ሪፖርቱ ላይ ያልሰራውንም ጻፉ፣ ሰልፉ እንደረዘመና ቀኑ በደንብ እንዳልተመረጠ፣ ከጎኑ ደግሞ በሚቀጥለው ምን እንደምትቀይሩ። አንድ ተጨማሪ ቴሌስኮፕ ስትጠይቁም ያቺ 54 ሰከንድ ታግዛችኋለች።