መልስ፦ የኋላ ስፔሰርና የጎማ ቅያሬ በትንሽ ትራክተር ላይ

ወንድሜ፣ የትራክተርህን ኋላ በስፔሰር ላስፋ፣ ትልቅ የኋላ ጎማም ልግጠም ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ተዳፋት ላይ እንዳትገለበጥ የኋላ ጎማዎቹን በስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ በሚገባ ማራራቂያ ብረት) ማራራቅህ ልክ ነው። የፊት ጎማዎቹን ግን ተዋቸው፣ በተለይ ሎደር (ፊት ላይ የሚገጠም መጫኛ አካፋ) ካለህ ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል። ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት ክፍል) ከስፔሰሩ ጋር የሚገጥምበትን ገጽ ከዝገትና ከቀለም አጽዳ፤ ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ መመሪያው ባለው ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) እሰር። ከ1 ሰዓት ሥራ በኋላ ማጥበቁን ድገመው፣ ከ10 ሰዓት በኋላም። የላላ ዳዶ የቸርኬውን ቀዳዳ ያሰፋል፣ ቡሎንም ይቆርጣል።

ዋናው ጣጣ ያሰብከው ትልቅ የኋላ ጎማ ነው። በ4 ጎማ ስትነዳ ፊትና ኋላ በማርሽ የተሳሰሩ ናቸው፤ የፊት ጎማዎቹ ዳርቻ ከኋላዎቹ ከ1 እስከ 5 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሄድ አለበት። ኋላውን ብቻ ካሳደግህ ፊቱ ፍሬን ይሆንብሃል፤ ጎማም ማርሽም ይበላል። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገህ፣ አንድ ዙር አንከባለህ ርቀቱን በሜትር ለካ፤ የአዲሶቹ የፊትና የኋላ ጥምርታ ከፋብሪካው ጎማዎች ጋር ካልተቀራረበ አትግዛ።