ጥያቄና መልስ፦ ውጭ አገር የታሰረ ትዳር ሲፈታ፣ አዳማ ያለው ቤትስ?

አስተባባሪ፦ ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሰነድ ጥያቄ ይቀበላሉ። ለአዲስ አባላት፦ ጋሼ ሜሪላንድ ውስጥ በቤተሰብ ጉዳይ ጠበቆች ዘንድ አሥራ አራት ዓመት በአስተርጓሚነትና በሰነድ አዘጋጅነት ሠርተው ወደ አዳማ የተመለሱ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ምክንያቱን ከመልሶቻቸው ታገኙታላችሁ።

ጋሼ ሰነድ፦ ሙቀቱ ሳያደክመኝ ሦስት ነገር ልናገር። ስም፣ የቤት ቁጥርና የመዝገብ ቁጥር እዚህ አትጻፉ። የአገራችንን ሕግ ስጠቅስ አንቀጾቹ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ የአዋጅ ቁጥር 213/1992 ናቸው፤ አዳማ ላይ የሚሠራው ግን የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። የራሱ ቁጥር አለው፣ አቤቱታውም በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል። ባለፈው ጊዜ አንድ አባል የእኔን ቁጥሮች ገልብጦ አቤቱታው ውስጥ ከቷቸው፣ እንዲያስተካክል ተመልሷል። ሦስተኛው፣ ቀን ሳትነግሩኝ አትጠይቁኝ። የተጋባችሁበትን፣ የተለያያችሁበትን፣ ንብረቱ የተገዛበትን ቀን።

የፍራንኮ ልጅ፦ ጋሼ፣ ፍቺ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ጋሼ ሰነድ፦ የት? በስምምነት ነው በክስ? ልጅ አለ? ንብረትስ? ቀኑስ? ይህ ጥያቄ «ከዚህ እስከዚያ ስንት ብር ነው?» ብሎ ባጃጅ እንደማስቆም ነው።

ባለ ሁለት ልጅ እናት፦ እኔ ቀን አለኝ ጋሼ። በ2004 ተጋባን፣ በ2012 ባሌ ዱባይ ሄደ፣ በ2014 የሁለታችንም ቤተሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አፋቱን። የፈረምነው ወረቀት አለ። አሁን ሰው ጠይቆኛል፤ ማግባት እችላለሁ?

ጋሼ ሰነድ፦ ስለ ቀኖቹ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አሁን ግን አትችይም። አንቀጽ 117 ፍቺ የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ነው ይላል። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያግባባል፤ ፍርድ ቤቱ ራሱም ሽማግሌ እንዲመረጥ ያደርጋል። ወረቀቱን አትጣዪው፣ በንብረትና በልጆች ጉዳይ መስማማታችሁን ለማሳየት ይጠቅምሻል። በስምምነት ለመፋታት ማመልከቻ አቅርቡ። እርሱ ካልመጣ ካለበት ቆንስላ የተረጋገጠ ውክልና ይላክ። «ማናቸውንም ጉዳይ ይፈጽምልኝ» የሚል ውክልና አይበቃም፤ ፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን በግልጽ ይጥቀስ። ውሳኔው ሳይወጣ ብታገቢ ሁለት ጋብቻ ይሆንብሻል።

የቀበሌው ሽማግሌ፦ እንግዲህ የአባቶች ሥርዓት ከንቱ ነው እያሉን ነው? ስንት ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፣ ስንቱንም በሰላም አለያይቻለሁ።

ጋሼ ሰነድ፦ አላልኩም አባቴ። ያስታርቁ፣ ይመርቁ። የፍርድ ቤት ማኅተም ግን በእጅዎ የለም።

ጠበቃዋ፦ ጋሼ፣ ይህን ያህል አያክርሩት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትን አቋም እያወቁ! ለብዙ ዓመት ተለያይተው፣ እያንዳንዳቸው ሌላ ሕይወት የመሠረቱ ሰዎች ጋብቻቸው በተግባር እንደፈረሰ ተቆጥሯል። የሰበር ውሳኔ ደግሞ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።

ጋሼ ሰነድ፦ አውቀዋለሁ፤ እኔ የማልወደውም እርሱን ነው። ያ ውሳኔ ለተቃጠለ ቤት የመጣ ውኃ ነው። አንዱ ሞቶ ውርስ ሲመጣ፣ ሁለት ሚስቶች አንድ መዝገብ ላይ ሲገናኙ ያድናል። ለዚህች እናት «በተግባር ፈርሷልና አግቢ» ብትያት ነገ ማስረዳቱን ትሸከሚላታለሽ? ውሳኔ አውጥቶ በወሳኝ ኩነት መመዝገብ እያለ ለምን በምስክር ትንከራተት?

ጠበቃዋ፦ በዚህ እንኳ እስማማለሁ። ክልከላውን ፍጹም አድርገው ሲጽፉት ነው ያልተስማማሁት።

የቀበሌው ሽማግሌ፦ ሁለታችሁም ናዝሬት ያደጋችሁ አትመስሉም።

መምህሩ፦ አዳማ ይባላል አባባ።

አስተባባሪ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ስለ ከተማው ስም ባለፈው ወር ሁለት ቀን ተከራክረናል።

ታናሽ እህት፦ ጋሼ፣ የእኔ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ስም አልጠራም። ታላቅ እህቴ ሜሪላንድ ትኖራለች። ከሌላ ሴት ጋር ከ1998 ጀምሮ አብረው ኖሩ፤ እዚያው በሕግ ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ሆኗቸዋል። አሁን እየተፋቱ ነው። የሚኖሩበት ቤት በ2001 በባልደረባዋ ስም ብቻ ተገዝቶ ክፍያውን እስካሁን አብረው ይከፍላሉ። ባልደረባዋ ከመጋባታቸው በፊት የወለደችውን ልጅ እህቴ ከአራስነቱ ጀምሮ አሳድጋለች፣ በማደጎ ግን አልወሰደችውም። አዳማ ደግሞ ከስድስት ዓመት በፊት በእህቴ ስም የገዛነው ቤት አለ። ቤቱን አሁን በእናቴ ስም ብናዞረው ይሻላል?

ተመልካች፦ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ መነሣት የለበትም። ባህላችን አይደለም፣ ሕጋችንም አይፈቅድም።

መምህሩ፦ የተጠየቀው የፍቺ ሕግ ነው። ስለ እርስዎ ባህል ማን ጠየቀ?

ተመልካች፦ ነገ ልጆቻችን ያነቡታል!

ጋሼ ሰነድ፦ ልጆቻችሁ ቀን መጻፍ ቢማሩበት ደስ ይለኛል። ይህች ልጅ ዛሬ ከጠየቁኝ ሁሉ የተሟላ ጥያቄ ያቀረበች ናት። ትዳሩ እዚያ ታስሯል፣ እዚያ ይፈታል። የሰው ትዳር መዳኘት የምትፈልጉ ራሳችሁ ክፍት ክርክር ጀምሩ፤ እዚህ ስለ ሰነድ ነው የምንነጋገረው።

አሁን ስሚኝ፣ በረጅሙ ልመልስልሽ ነው፤ ለዓመታት የሠራሁት ይህንኑ ነውና። የዚያ አገር ቀኖችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የእነርሱ ችግር ሁሉ ከቀን ይጀምራል። ሜሪላንድ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ጋብቻን የፈቀደችው ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ነው፤ በመላው አሜሪካ የተፈቀደው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ ሰኔ 26 ቀን 2015 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ግዛት ተጋብተው ወደ ሌላው የተዛወሩ ሰዎች በብዙ ግዛት መፋታት እንኳ አይችሉም ነበር፤ ዳኛው «ጋብቻችሁን የማላውቀውን እንዴት አፈርሰዋለሁ?» ይላቸዋል። ሜሪላንድ በዚህ ትለያለች። በ2012 በፖርትና በካውን ጉዳይ፣ ራሷ እንዲህ ያለ ጋብቻ ሳትፈጽም፣ ካሊፎርኒያ የተጋቡ ሁለት ሴቶች በሜሪላንድ ፍርድ ቤት መፋታት እንዲችሉ ወሰነች። ያኔ ቢሮ ውስጥ የነበረው ሁካታ ትዝ ይለኛል፤ ለማግባት የተዘጋ በር ለመፋታት ተከፈተ።

እህትሽ ስንት ዓመት በትዳር ኖረች? እኔና አንቺ በእኛ አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ እንላለን። ሕጉ ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ይላል። የጋራ ንብረት የሚባለው በትዳር ዘመን የተፈራው ነው። ከ2013 በፊት ሊጋቡ ቢፈልጉ እንኳ በሚኖሩበት ግዛት በር አልነበራቸውም፤ ይህን ኢፍትሐዊ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ከጠበቆች ጋር ተከራክሬአለሁ። የእኛው ሕግ እኮ ወንድና ሴት ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖሩ ያፈሩትን የጋራ ያደርግላቸዋል፤ አንቀጽ 102። ሜሪላንድ ግን አብሮ መኖርን ብቻውን በዚህ መልኩ አትቆጥርም፤ ወንድና ሴትም ቢሆኑ።

ስለዚያኛው ቤት ተስፋ አትቁረጪ። ሜሪላንድ «የገንዘቡ ምንጭ» የሚባል መርሕ አላት፤ ከ1982 ጀምሮ ይሠራበታል። ቤቱ ከጋብቻ በፊት የተገዛ ቢሆንም በትዳር ዘመን በተከፈለው ዕዳ መጠን ድርሻው የጋራ ይሆናል። ስለዚህ እህትሽ የየወሩን የባንክ ክፍያ መረጃ ከጋብቻው ቀን ጀምሮ ታውጣ። ከጋብቻው በፊት የከፈለችበትንም ታውጣ፤ በውል ወይም በሌላ መንገድ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ጠበቃዋ ይመዝነዋል።

ልጁ፦ በ2016 የኮኖቨር ጉዳይ የሚባል አለ። የተጋቡ ሁለት ሴቶች ሲፋቱ ልጁን ያልወለደችው «አንቺ ባዕድ ነሽ» ተባለች። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቀድሞ አቋሙን ሽሮ በተግባር ወላጅ የሆነን ሰው ተቀበለ። ወላጅነቱ የተመሠረተው በወለደችው ፈቃድ መሆኑ፣ አብሮ መኖሩ፣ ያለ ክፍያ የወላጅ ኃላፊነት መሸከሙና የተፈጠረው ትስስር ሁሉም መረጋገጥ አለባቸው። የትምህርት ቤት ቅጾች፣ የክትባት ካርድ፣ እርሷ የፈረመችባቸው የሕክምና ወረቀቶች ይሰብሰቡ። በማደጎ ብትወስደው ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ልፋት አይኖርም ነበር። የፍርድ ቤት የማደጎ ውሳኔ ከግዛት ግዛት አብሮ ይሄዳል።

እህትሽ ያላሰበችው አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የተፋታ ሰው በቀድሞ የትዳር ጓደኛው መዝገብ ጡረታ ለመጠየቅ ጋብቻው አሥር ዓመት የቆየ መሆን አለበት። ጋብቻው የሚያበቃው ክስ በቀረበ ዕለት ሳይሆን ፍቺው የመጨረሻ ውሳኔ ባገኘ ዕለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ላይ የቆመ ሰው መቸኮል የለበትም። ባልደረባዋ ከእርሷ የበለጠ ገቢ የነበራት ከሆነ አራት ወር ብዙ ገንዘብ ነው።

የአዳማው ቤት። በእናትሽ ስም እንዳታዞሩት! እህትሽ የገቢና የንብረት ዝርዝር በመሐላ ትሞላለች፤ ከተገኘባት ዳኛው ሌላውንም ቃሏን አያምንም። የሜሪላንድ ፍርድ ቤት አዳማ ያለን ቤት ስም ማዞር አይችልም፤ ዋጋውን ግን በሒሳብ ውስጥ አስገብቶ ከሌላው ንብረት ያካክሳል። የውጭ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም ሲጠየቅ ደግሞ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 458 አለ፦ የመተካካት ሁኔታ (ያ አገርም የእኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑ)፣ የመሰማት ዕድል፣ የመጨረሻ ፍርድ መሆን፣ ከሕዝብ ሰላምና ሞራል ጋር አለመጋጨት። የእኛ ሕግ ጋብቻን በወንድና በሴት መካከል ብቻ ያውቃል፤ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚቀጣው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629ም አለ። ስለዚህ ያንን የፍቺ ወረቀት ይዞ ማንም እዚህ መዝገብ አይክፈት። የአዳማው ቤት ለእህትሽ ይሁንና ልዩነቱን ከዚያኛው ቤት ድርሻዋ ያቻችሉት። ጉዳዩ እዚያው ይለቅ።

ባለ ኮንዶሚኒየም፦ ጋሼ፣ ባሌ ሳልፈርም ቤታችንን ሸጠው። ምን ላድርግ?

ጋሼ ሰነድ፦ ቀን?

ባለ ኮንዶሚኒየም፦ ሽያጩ ባለፈው ዓመት ጥቅምት። ያወቅሁት ከሁለት ወር በፊት።

ጋሼ ሰነድ፦ ፍጠኚ። ሽያጩን ለማፍረስ ካወቅሽበት ስድስት ወር፣ ከውሉ ደግሞ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው፤ አንቀጽ 69። ካርታው በእርሱ ስም ብቻ መሆኑ አያስፈራሽ፤ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ቁጥሩ የፌዴራሉ ነው! አዳማ ከሆነ የኦሮሚያውን ተመልከቺ። ለሦስተኛ ጊዜ አልናገርም።

የፍራንኮ ልጅ፦ ጋሼ፣ በስምምነት ከሆነስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ጋሼ ሰነድ፦ አንድ ደረጃ አሻሽለሃል። ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። ቀሪው በንብረቱ ይወሰናል። ቀኑን ግን አሁንም አልነገርከኝም።

ስደተኛው፦ ከተፋታሁ ግሪን ካርዴ ይነጠቃል?

ጋሼ ሰነድ፦ የሁለት ዓመቱ ነው የአሥር ዓመቱ? የሁለት ዓመቱ ከሆነ፣ ጋብቻው ከልብ የተፈጸመ እንደነበረ አስረድተህ ያለ ትዳር ጓደኛህ ፊርማ ማመልከት ትችላለህ። ሌላውን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቅ፤ የእኔ ሥራ አልነበረም።

ተመልካች፦ እኔ አሁንም ያ ጥያቄ ይሰረዝ እላለሁ።

አስተባባሪ፦ አይሰረዝም። ቀጥሉ።

ታናሽ እህት፦ ጋሼ፣ አሁን ከእህቴ ጋር በስልክ ተነጋገርን። የጋብቻ ወረቀቱን አገኘችው። እኛ የቆጠርነው ድግሱ ከተደረገበት ቀን ነው፤ በሕግ የተፈጸመው ግን ከድግሱ ሦስት ወር በኋላ ኖሯል።

ጋሼ ሰነድ፦ ያውና! ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ከአምስት ወር ነው። ሰባት ወር ይቀራል እንጂ አራት አይደለም። ከጋብቻው ቀን ጀምሮ ያልኩሽን የባንክ ክፍያም ከዚያ ቀን ቁጠሩት። ዛሬውኑ ለጠበቃዋ ትደውል።

ታናሽ እህት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወረቀቱን ፎቶ ልኬልዎት ያዩታል? እዚሁ ልለጥፈው ነው።

ጋሼ ሰነድ፦ እንዳትለጥፊው! ስሟ አለበት እኮ!