ከትልልቆቹ አንዷ ሆና ዘግይታ የተገኘችው ሃይጂያ

ጥያቄ፦ ሃይጂያ የተባለችው አስትሮይድ (ፀሐይን የምትዞር ድንጋያማ አካል) በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይዶች ቀበቶ በግዝፈት 4ኛ መሆኗን አንብቤአለሁ። ታዲያ ከእሷ የምታንሰው ጁኖ እ.ኤ.አ. በ1804 ስትገኝ ሃይጂያ እስከ 1849 ድረስ እንዴት ሳትታይ ቆየች? በቴሌስኮፕ የብርሃን ነጥብ ብቻ ሆና የምትታይ ከሆነስ መጠኗ በምን ታወቀ?

መልስ፦ የሁለቱም ጥያቄዎችዎ መልስ የሚገኘው በሃይጂያ ጥቁረት ላይ ነው። ገጽታዋ በካርቦን የበለጸገ በመሆኑ ከሚያርፍባት የፀሐይ ብርሃን መልሳ የምታንጸባርቀው 7 በመቶ ገደማውን ብቻ ሲሆን፣ ጁኖ ግን ከ20 በመቶ በላይ ታንጸባርቃለች። በዚያ ላይ ሃይጂያ የምትዞረው በቀበቶው ውጫዊ ክፍል ነው፤ ከፀሐይ ያላት አማካይ ርቀት ምድር ካላት 3 እጥፍ ይበልጣል። ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አኒባሌ ደ ጋስፓሪስ ናፖሊ ላይ ሆኖ ሲያገኛት ከተገኙት አስትሮይዶች ተራዋ 10ኛ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። እርግጥ የፍለጋው መቀዝቀዝም ድርሻ ነበረው፤ ቬስታ በ1807 ከተገኘች በኋላ እስከ 1845 አንድም አዲስ አስትሮይድ አልተመዘገበም።

መጠንን በሚታይ ብርሃን ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ትንሽና ነጣ ያለ አካል ከትልቅና ጥቁር አካል ጋር እኩል ደምቆ ሊታይ ይችላልና። ይሁን እንጂ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ድንጋይ ከነጩ ይበልጥ እንደሚግል ሁሉ፣ ጥቁር አስትሮይድም የዋጠውን ብርሃን በኢንፍራሬድ (በዓይን በማይታይ የሙቀት) ጨረር መልክ መልሶ ይለቀዋል። ስለዚህ የሚያንጸባርቀው ብርሃንና የሚለቀው ሙቀት ጎን ለጎን ሲለኩ መጠኑም ጥቁረቱም አብረው ይገኛሉ። የምድር ከባቢ አየር አብዛኛውን የዚህን ጨረር ስለሚያግድ፣ ሥራው በስፋት የተከናወነው በ1983 ወደ ህዋ በተላከው አይራስ በተባለው ቴሌስኮፕ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን ሃይጂያ ነጥብ ብቻ መሆኗ ቀርቷል። ቺሊ ውስጥ በሚገኘው ግዙፍ የአውሮፓውያን ቴሌስኮፕ ተነሥተው በ2019 ይፋ የሆኑት ምስሎች፣ ስፋቷ ወደ 430 ኪሎ ሜትር የሚደርስና ቅርጿም ክብ ለመሆን የተቃረበ መሆኑን አሳይተዋል። ተመራማሪዎቹ የጠበቁት ግን ሰፊ የግጭት ጉድጓድ ነበር፤ ምክንያቱም ከአንድ አካል የተፈነጠሩ 7 ሺህ የሚጠጉ ስብርባሪዎች ከእሷ ጋር በተቀራራቢ ምህዋር ይዞራሉ። የኮምፒውተር ስሌቱ እንደሚለው፣ ከ2 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከ75 እስከ 150 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አካል ቀደምቷን አስትሮይድ ፍጹም አደቀቃት፤ ፍርስራሹም በራሱ ስበት ተሰብስቦ የዛሬዋን ክብ ሃይጂያ ሠራ።